ሳይታጠብ የቀረው ጠጠር

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ እማሆይ አጸደ።

መቅደላዊት ግን ተረት ፈልጋ አልነበረም የመጣችው። ጥያቄ ይዛ ነው። የበኩር ልጇን ከወለደች ወዲህ የዕለት ዳዊቷን አንድም ቀን ከዳር አድርሳ አታውቅም። ሁለት መዝሙር ሳትል ሕፃኑ ይነሣል፤ መጽሐፉን አስቀምጣ ትሮጣለች። ስትመለስ ደግሞ «የተቋረጠ ጸሎት ምን ጸሎት ነው» ብላ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ልጁም እንደገና ይነሣል። እንዲህ ሲሆን ከርሞ አሁን መጽሐፉን ከነጭራሹ ልትዘጋው ቆርጣለች። «እማሆይ፣ እግዚአብሔር ጎደሎ ይቀበላል? የማይቀበል ከሆነ ባልጀምረውስ አይሻልም?» ነበር ያለቻቸው። እማሆይ ደግሞ ለጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ሰጥተው አያውቁም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ፣ ከጉርምስናው ጀምሮ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ። ወደብ ይወርዳል፣ ጭነት ይዞ ይመጣል፣ አራግፎ ተመልሶ ይወርዳል። የገዛ ቤቱ ለእሱ እንደ አልቤርጎ ነበረች። ሚስቱ ሦስት ልጆች ስትወልድ በሦስቱም ጊዜ መንገድ ላይ ነበር፤ ልጆቹ አድገው ጎጆ ሲወጡም መንገድ ላይ ነበር። ሴቲቱ አታጉረመርምም። ግን አደጋ ደረሰ የሚል ወሬ በሰማች ቁጥር ምግብ አይወርድላትም። ኋላ ወገቡ አልታዘዝ ሲለው መኪናውን ለባለሀብቱ አስረክቦ ቤቱ ገባ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አታውቅም፤ ጫማውን አውልቆ ከአልጋ ሥር ሲያስገባ እያየች አለቀሰች።

ነገር ግን መንገድ የለመደ ሰው ግቢ ውስጥ አርፎ አይቀመጥም። ዶሮ አረባ፤ ፈንግል ጠራርጎ ወሰደበት። ቀፎ ሰቀለ፤ ንቦቹ ጥለውት ኮበለሉ። ባለሀብቱም አላረፈም፤ አልፎ አልፎ እየደወለ «ወንበርህ ባዶዋን ናት፣ ማንንም አላስቀመጥኩባትም» ይለዋል። ሰውዬው ስልኩን ሲዘጋ ሚስቱን ቀና ብሎ አያያትም ነበር። አንድ ቀን ግን ቁርጡን ነገራት። «አንድ ነገር ልሞክር፤ ይህም ካልሆነልኝ ወደ መኪናዬ እመለሳለሁ። ቁጭ ብሎ መብላት አልችልበትም።»

ልሞክር ያለው ዓሣ ነበር። በነጂነቱ ዘመን መኪናው ቆላ ከተማ ውስጥ ተበላሽቶበት አንድ መካኒክ ቤት አድሮ ያውቃል። በመካኒኩ ጓሮ ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ ሲኖሩ አየ። ከታች ዓሣ ያለበት ታንከር፣ ከላይ ጠጠር የሞላበት ገንዳ። ፓምፕ የዓሣውን ውሃ ወደ ጠጠሩ ያወጣዋል፣ አትክልቱ ሥሩን ጠጠሩ ውስጥ ሰዶ ከውሃው ይመገባል፣ ውሃውም ተጣርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። አፈር የለ፣ ማዳበሪያ የለ፤ ውሃው ሲዞር ይውላል፣ ሲዞር ያድራል። ሰውዬው ያንን ከልቡ አላወጣውም ነበር።

እንግዲህ ጀመረ። ታንከር ገዛ። በርሜሎች ለሁለት እየሰነጠቀ በብሎኬት ላይ አጋደመ። ቀላሉን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበትን ቀይ ጠጠር አስመጥቶ ሞላባቸው። ጀማሪ ነውና ያልነጠበ መጋጠሚያ አልነበረም፤ ግቢው ጭቃ ሆነ። ጎረቤቶቹ በአጥር እያዩ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ተጠንቀቅ» እያሉ ይስቁበታል። ሚስቱ ቱቦ ትይዝለታለች፣ ቀዳዳ ትደፍንለታለች። እሷ ስለ ዓሣው ግድ የላትም፤ እንዲሆንለት የፈለገችው እንዳይሄድባት ነው። ከሐይቅ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩቶች አስመጥቶ ሲጨምር ከልቧ የተሳለችው እሷ ናት።

መጀመሪያ አልሆነም። ውሃው ደፈረሰ፣ ሰላጣው ገረጣ፣ ከጫጩቶቹም የሞቱ ነበሩ። መካኒኩ ጋ ሲደውል «ሥራህን ሠርተሃል፣ አሁን እጅህን ሰብስብና ጠብቅ» አለው። ለሾፌር እጅህን ሰብስብ ማለት ከስድብ አይተናነስም። ቢሆንም ጠበቀ። ቀስ እያለ ቀዩ ጠጠር ቡኒ እየሆነ መጣ፤ ሲነኩት ያሟልጫል፣ ሲያሸቱት ዝናብ የመታው መሬት ይሸታል። በዚያው ሰሞን ውሃው ጠራ፣ ሰላጣው አረንጓዴ ሆነ፣ ቆስጣው ቅጠሉን ዘረጋ፣ ዓሣዎቹም እያደጉ ሄዱ። ሰውዬው በአረንጓዴው ተደሰተ። ቡኒውን ግን ጠላው። ሁለቱ አብረው እንደመጡ ልብ አላለም።

በዚህ መሐል የማኅበር ተራው ደረሰ። የሚያስተናግደው እሱ ነው፤ ማኅበርተኞቹ ደግሞ አብዛኞቹ የድሮ ሾፌር ጓደኞቹ ናቸው፣ ባለሀብቱም ከእነሱ አንዱ ነው። ሰውዬው ዓሣዬን አሳያቸዋለሁ ብሎ እንቅልፍ አጣ። በእኛ አገር እንግዳ ይመጣል ከተባለ የማይታጠብ ነገር የለም፤ ድመቷም ብትያዝ አትቀርም። ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ በሩ ተፈተገ። ሰውዬው ዞር ብሎ ጠጠሩን አየ።

«ይህ ዝቃጭ ይታጠባል» አለ።

«ደህና የተቀመጠውን ምን ልሁን ብለህ ትነካዋለህ?» አለችው ሚስቱ።

«ሰው ምን ይላል? ቆሻሻ ላይ የበቀለ ሰላጣ አበላን ይሉኛል።»

እውነት ነው፣ ይላሉ። ስለዚህ እሷም እጅጌዋን ሰበሰበች። አትክልቱን እየነቀሉ በውሃ አቆዩና ጠጠሩን በሳሙና አሹት፣ በበረኪና ዘፈዘፉት፣ አለቅልቀው ፀሐይ ላይ አሰጡት። እንደ ተገዛበት ቀን ቀላ። አንድ በርሜል ብቻ ሲቀራቸው ሰውዬው ለማኅበሩ የጎደለውን ሊገዛ ገበያ ወጣ። «ይህችን አንቺ ጨርሻት» ብሏት ሄደ።

ሴቲቱ የመጨረሻውን ጠጠር አውጥታ ፓፓያው ጥላ ሥር ከምራለች፣ ሳሙናውንም በጥብጣለች። ያን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤቷ የአሮጊቷ ድምፅ ተሰማት። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። እሳት ለመጫርም፣ ጨው ለመዋስም ይጣራሉ፤ ይህ ግን የዚያ ዓይነት ድምፅ አልነበረም። ሴቲቱ ድመት እንዳይጸዳዳበት ብላ አንድ ውሃ የጠገበ ማዳበሪያ ጆንያ ከምሩ ላይ ጣለችና ሮጠች። አሮጊቷ ጓሯቸው ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ፀሐይዋ እየበረታች ፊታቸው ላይ መጥታለች፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ጥላ ሠራችላቸው፣ ውሃ አጠጣቻቸው፣ ሰው ጠራች፣ ሐኪም ቤት አብራ ሄደች። ዘመዶቻቸው እስኪደርሱ ድረስ እጃቸውን አለቀቀችም። ቤቷ ስትመለስ ቀኑ አልቋል።

ባሏ ባዶው በርሜል አጠገብ ቆሟል።

«አንድ ነገር ጀምረሽ ጨርሰሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

ልጄ፣ ይህን የተባለችው ሦስት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። የት እንደነበረች ነገረችውና ወጡን ለመጣድ ገባች። እሱም ሲሰማ ትንሽ አፈር አለ፤ ግን የወጣ ቃል አይመለስም። ቃሉ እሷ ጋ ቀረ፤ ሽንኩርት ስትከትፍም እውነቱን ይሆን እንዴ እያለች ታስብ ነበር። ለማጠቡ ጊዜ አልነበረምና ሰውዬው ባዶውን በርሜል ጣውላ ጋደመበት፣ የጠረጴዛ ልብስ አለበሰው፣ የጠላ ብርጭቆ ደረደረበት። ፓፓያው ሥር ያለውን ከምር ማንም አላስታወሰውም።

ማኅበሩ አማረ። ጠጠሩ ያበራል፣ ውሃው ጠርቶ የዓሣው ጥላ ታንከሩ ሥር ይታያል። ዘንዶ ያወጣል ያሉት ሁሉ አፋቸውን ያዙ። ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው ደግሞ ዓሣዎቹን ማስተናገድ ጀመሩ። አንዱ የድፎ ዳቦ ይቆርሳል፣ አንዱ ቅርፊቱን ይፈረፍራል። «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ» እያለ ለዓሣ ያጎረሰም ነበር። በዚያ ላይ ሌላ ይመርቃሉ። ሰውዬው የእንግዳ እጅ አይያዝም ብሎ አልከለከላቸውም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር። ባለሀብቱ ሲወጣ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «ለጊዜ ማሳለፊያ ደህና ነው» አለው። ሴቲቱ ሰምታለች።

ማኅበሩ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓሣዎቹ ከውሃው በላይ አፋቸውን እያወጡ ማዛጋት ጀመሩ። ሰውዬው ፓምፑን አየ፤ ይሠራል። ቱቦውን ፈታ፤ አልተደፈነም። ውሃው እንደሆነ ጥርት ያለ ነው። ሆኖም በማግስቱ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው የተንሳፈፉ ተገኙ፤ የቀሩትም ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ከውሃው አፍ ላይ አይወርዱም። ሰውዬው ብሎኬት ላይ ተቀምጦ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ሰኞ እወርዳለሁ፤ መኪናውን አዘጋጅልኝ» ሲል ሚስቱ ከማድቤቱ በር ላይ ሰማችው።

የበሩን መቃን ያዘች። ሰኞን አሰበች፣ ጫማውን ከአልጋው ሥር ሲያወጣ ታያት። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። ሄዳ ከፊቱ ቆመችና «መካኒኩን ጠይቀው» አለችው።

«ምን ብዬ? ገደልኳቸው ብዬ?»

«አዎ፤ እንደዚያው ብለህ።»

ቀና ብሎ አያት። በትዳራቸው እንዲህ ብላ አዝዛው አታውቅም። ደወለ።

መካኒኩ ሁሉን ከሰማ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ጠጠሩን ነክተኸዋል?»

«አጥቤዋለሁ።»

«በምን?»

«በሳሙና። በበረኪናም ዘፍዝፌዋለሁ።»



«ወንድሜ፣ ዓሣህን ያኖረው እኮ እሱ ነበር» አለ መካኒኩ። «የዓሣ እዳሪ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ለራሱ ለዓሣው መርዝ ነው። ያ ቡኒ ነገር ሕይወት አለው፤ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። መርዙን ተቀብለው ለአትክልቱ ቀለብ ያደርጉታል። አንተ እነሱን ፈጀህና በላዩ ላይ ዳቦ ጨመርክበት። ጠጠሩ ሌላ እስኪያፈራ ድረስ ያንተ ዓሣ አይቆይም።» ትንሽ አሰበ። «ከዚያ ጠጠር ሳይታጠብ የቀረ የለህም? ትንሽም ቢሆን፣ ለዘር የሚሆን?»

«የለም» አለ ሰውዬው። «ሁሉንም አጥበናል።»

«አለ» አለች ሚስቱ።

እሷ ወደ ፓፓያው ሄዳ ጆንያውን ገለጠችው። ጥላው ደግ ሆኖ ጆንያው ገና አልደረቀም። ከሥሩ ጠጠሩ ቡኒ እንደሆነ፣ እንዳሟለጨ፣ ዝናብ የመታው መሬት እንደሸተተ ተቀምጧል። እፍኝ ሙሉ አንሥታ አሸተተችው። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

ብርጭቆውንና የጠረጴዛ ልብሱን ከበርሜሉ ላይ አነሡ። ሁለቱም ተንበርክከው ጠጠሩን በእጃቸው እያፈሱ መለሱት፣ ውሃውንም ለቀቁበት። መካኒኩ እንዳዘዘው ከታንከሩ ውሃ ከፊሉን ቀድተው በበርሜል በሰነበተ ውሃ ተኩት፤ ለዓሣዎቹም ቀለብ ከለከሏቸው። ይህ ለሴቲቱ ከሁሉ የከበዳት ነበር፤ ለታመመ ምግብ የሚነፈገው የት አገር ነው። ተአምርም አልሆነም። በዚያም ቀን ዓሣ ሞተ፣ በማግስቱም ሞተ። ከዚያ በኋላ ግን የሚያዛጉት እያነሱ ሄዱ። ሰኞ እየቀረበ ነበር፤ እሷ ጧት ጧት ከእሱ ቀድማ እየተነሣች ወደ ታንከሩ ትሄዳለች።

አንድ ጧት ስትሄድ ከውሃው በላይ አንድም ዓሣ የለም። አለቁ አለች። ጎንበስ ብላ ብታይ ሁሉም ከታች ናቸው፤ በዝግታ፣ በጤናቸው ይዋኛሉ። ጣቷን ነከር ስታደርግ አንዱ መጥቶ ነካ አደረጋትና ተመለሰ። «ና እይ» ብላ ባሏን ጠራችው። መጥቶ አየ። ከዚያ «ተመስገን» አለና እዚያው ብሎኬቱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ስልኩን አውጥቶ ለባለሀብቱ «ሌላ ሾፌር ፈልግ» አለው። ምክንያቱን ሲጠይቀውም «ሚስቴ ጋ ሥራ አለኝ» ብሎ ዘጋው።

ወደ እሷ ዞረ። «ያን ዕለት የተናገርኩሽ ቃል…»

«ተወው» አለችው። «ይልቅ ተነሥ፣ እማማን እንጠይቃቸው።»

ከዳነው ቆስጣ የቻሉትን ያህል ቆርጠው ወደ አሮጊቷ አብረው ሄዱ። ከተጋቡ ጀምሮ ሁለቱ አንድ ላይ ጎረቤት ሲጠይቁ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

እማሆይ አጸደ እዚህ ሲደርሱ ወደ መቅደላዊት ዞሩ።

«እንግዲህ አንቺ ብልጥ ነሽና፣ ሴቲቱ ሰንፋ ብትተወውም ኖሮ ዓሣው ይድን ነበር ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ ዓሣው ይድን ነበር። አሮጊቷ ግን ፀሐይ ላይ ይቀሩ ነበር። ስንፍናን እያመሰገንኩልሽ አይደለም። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፦ ዳዊቱን ዘግተሽ የምትነሺው ለማን ብለሽ ነው?»

«ለልጄ» አለች መቅደላዊት ቀስ ብላ።

«ለልጅሽ። ሥራሽን የተውሽው ሰው ጠርቶሽ ነው። እንዲህ ሆኖ የቀረ መዝሙር ያ ሳይታጠብ የቀረው ጠጠር ነው፤ ለዓይን አያምርም፣ ለእንግዳ አይታይም፣ ሕይወቱ ግን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አንቺ ምን ታደርጊያለሽ? ተመልሰሽ ትመጪና ‹ይህ አልሆነም› ብለሽ በበረኪና ትፈትጊዋለሽ፣ እንደገና ከአንድ ትጀምሪያለሽ። በየቀኑ ስታጥቢው ምን ይጽና? አትጠቢው ልጄ። ካቆምሽበት ቀጥይ። ዛሬ ሁለት መዝሙር ከሆነ ሁለት ነው፤ ነገ ሦስተኛውን ትያለሽ፤ የማርያም ልጅ መቋረጡንም መቀጠሉንም ያያል። ዳዊቱ ዓመት ይፍጅብሽ፣ ማን አሳደደሽ?»

መቅደላዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እማሆይ የምታለቅስ መስሏቸው ነበር፤ እሷ ግን ትስቅ ነበር፣ ትከሻዋ እየወረደ፣ ከወለደች ወዲህ እንዳልሳቀችው። ቆይታ ዓይኗን ጠርጋ ቀና አለች። «እንግዲያው ይቀበላል ማለት ነው? ጎደሎውን?»

«አንቺ ልጅ» አሉ እማሆይ፣ «ከሰው ሙሉ ነገር ተቀብሎ የሚያውቅ መሰለሽ እንዴ? ከእኔ ስድሳ ዓመት ሙሉ የተቀበለው ጎደሎ ነው፤ ይኸው እስካሁን አልመለሰብኝም።»